ወጡን የሠራችውስ?

ሰሞኑን በየታክስ ሠሪው መስኮት ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አብሽቆኛል። «ቲፕ ከታክስ ነፃ ሆነ!» ይላል፣ ሎተሪ የወጣልን ይመስል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቡና ላይ፣ ልደት ላይ ሳይቀር ወሬው እሱ ነው። ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ከቲፕ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ ደሞዝ መክፈል ያለበት ቀጣሪ እንጂ በላተኛ አይደለም ባይ ነኝ። ስለዚህ ዝም አልልም።

ትራምፕ በ2024 ላስ ቬጋስ ላይ ቃል ገቡ፤ ካማላ ሃሪስም ሁለት ወር ቆይተው እዚያው ከተማ ደገሙት። በጁላይ 2025 የፀደቀው ሕግ ግን የሰጠው ይህን ነው፦ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ስሌት ይቀነሳል፣ ያውም ከ2025 እስከ 2028 ብቻ። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚሄደው 7.65 በመቶ እንደ ድሮው ይቆረጣል። ምግብ ቤቱ ራሱ ሂሳብ ላይ በግድ የሚጨምረው ሰርቪስ ቻርጅም አይቆጠርም።

ባለፈው እሁድ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን ክርክሩ ተነሣ። አስተናጋጇ ደስ ብሏታል፤ አልፈርድባትም። ወጥ ቤት ያለችው እህታችንስ? ሁለቱም ያላገቡ፣ ሁለቱም በዓመት 40,000 ዶላር የሚያገኙ ናቸው እንበል፤ የአስተናጋጇ ግን ግማሹ ቲፕ ነው። ሌላ ቅናሽ ከሌላቸው አስተናጋጇ ለ2025 የምትከፍለው የፌዴራል ታክስ 425 ዶላር ነው። ከንጋት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍና ስታቁላላ የዋለችው ደግሞ ከ2,600 ዶላር በላይ ትከፍላለች። በሽንኩርቱ ያነባችው አንሶ! ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስታገላብጥ የምታድረውማ ቲፕ የሚባል ነገር አታውቅም። ሕጉ የለየው ማን ብዙ እንደደከመ ሳይሆን ማን በላተኛው ፊት እንደቆመ ነው።

አንዱ ወዳጄ «ለድሃ የመጣውን አትመቅኝ» አለኝ። የትኛው ድሃ? ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች በዓመት 22,000 ዶላር የምታገኝ እናት ድሮም የፌዴራል የገቢ ታክስ የለባትም። የዬል ዩኒቨርሲቲ የበጀት ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ በ2022 ቲፕ ከሚቀበሉት ሠራተኞች መካከል 37 በመቶ ያህሉ ይህን ታክስ አይከፍሉም ነበር። ከዜሮ ላይ ምን ይቀነሳል?

የደጋፊዎቹን ሰልፍም ተመልከቱ። የአሜሪካ ምግብ ቤቶች ብሔራዊ ማኅበር አጨብጭቧል። ለቲፕ ሠራተኛ የተወሰነው የፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ከ1991 ወዲህ ንቅንቅ አላለም። እዚሁ ዋሽንግተን መራጩ የቲፕ ሠራተኛው ደሞዝ ከሌላው ይስተካከል ብሎ በ2018ም በ2022ም ድምፅ ሰጠ፤ የመጀመሪያውን የከተማው ምክር ቤት ሻረው፣ ሁለተኛውን በ2025 ሸራረፈው። መንግሥት ታክሱን ሲተው ባለቤቱ ደሞዝ ከመጨመር ይተርፋል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይሉ የለ?

እንዲህ እየተንጨረጨርኩ ሳለሁ፣ ዕድሜያቸውን በፓርኪንግ ሥራ የጨረሱ አንድ አባት ከጥግ አቋረጡኝ። «ስማ አንተ ልጅ፣ ታክሱን ተወው። እኔ ያን ሁሉ ካሽ ሳላስመዘግብ ኪሴ እየከተትኩ ነው የኖርኩት፤ መንግሥትን የሸወድኩ መስሎኝ! ይኸው ዛሬ ጡረታዬ የቤት ኪራይ አይሞላም።»

«ስንቶቻችሁ ናችሁ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ያልሆነውን ብትጠይቀኝ ይቀልሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚሰላው ብዙ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት በተመዘገበ ገቢ ነው። ያልተመዘገበ ቲፕ ለጡረታው እንዳልተሠራ ነው። ባንክም ለቤት ብድር ሲጠየቅ የሚያየው ወረቀት ላይ ያለውን እንጂ መሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለውን አይደለም። በታክሲው፣ በፓርኪንጉ፣ በምግብ ቤቱ ስንት ወገን በዚህ ብልጠት ራሱን እንደጎዳ እግዚአብሔር ይወቀው።

ይህን ሕግ አልወደውም፤ ነገር ግን አንድ ውለታ ውሏል። ቅናሹን የሚያገኘው ቲፑን ያስመዘገበ ብቻ ነው፤ ለመደበቅ የነበረው ሰበብ እስከ 2028 ድረስ በእጅጉ ቀለለ ማለት ነው። አስተናጋጆች፣ ሾፌሮች፣ መኪና አቁሙልኝ የምንላችሁ ሁሉ፣ ካሿንም ካርዷንም አስመዝግቡ። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ለወጥ ሠሪዋ ደሞዝ ጨምሩላት፤ ለእሷ ዋሽንግተን ያሰበላት ነገር የለም። «ነፃ ከተባለ ይቺ 7.65 ለምን ትቆረጥብናለች?» እያላችሁ ለምትቆጩት ግን መልሴ አጭር ነው፦ ከዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ ለእርጅናችሁ የምትሠራው እሷ ብቻ ናት።