ወንጀለኛን ለጎረቤት ማሸከም



ጥምር ዜግነት ይዞ በአሸባሪነት የተሰማራ ሰው ዜግነቱ ይገፈፍ ወይስ አይገፈፍ የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ ብዙዎቻችን «ይገፈፍ እንጂ! አገሩን የካደ ምን አገር አለው?» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ቁጣው ተገቢ ነው። በገበያ መካከል ፈንጂ ለሚያፈነዳ ይታዘንለት የሚል ሐሳብ እዚህ አይቀርብም። ግን ዜግነቱ ከተገፈፈ በኋላ ሰውየው የት ይገባል? እንደ ጉም በንኖ አይጠፋም እኮ!

አንድ ጉዳይ እንመልከት። ኒውዚላንድ ተወልዳ በ6 ዓመቷ ወደ አውስትራሊያ የሄደች፣ እዚያው ተምራ ያደገች፣ የሁለቱም አገር ዜጋ የነበረች አንዲት ሴት በአውስትራሊያ ፓስፖርት ወደ ሶሪያ ተጓዘች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከሁለት ልጆቿ ጋር ቱርክ ድንበር ላይ ስትያዝ፣ አውስትራሊያ ዜግነቷን ቀድማ ገፋ ነበር። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን «ኃላፊነታችሁን ሸሽታችሁ ችግራችሁን ወደ እኛ ላካችሁ» በሚል መንፈስ በይፋ ወቀሱ። ሆኖም በዚያው ዓመት ሐምሌ ኒውዚላንድ እናትና ልጆቹን ለመቀበል ተስማማች። ምን ታድርግ? እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱ አገሮች ወዳጆች ናቸው። ቀድሞ የገፈፈ ይገላገላል፣ የዘገየ ይሸከማል። ይህ ሕግ ነው ወይስ እሽቅድምድም?

የሸሚማ ቤገም ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለንደን ተወልዳ፣ ለንደን ተምራ፣ በየካቲት 2015 በ15 ዓመቷ ከሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ወደ ሶሪያ ሄደች። በ2019 የብሪታንያ አገር ውስጥ ሚኒስትር በወላጆቿ በኩል የባንግላዴሽ ዜግነት አላት ብለው የብሪታንያን ገፈፉ። ባንግላዴሽ «የእኛ ዜጋ አይደለችም፣ አናስገባትም» አለች። ይግባኙ እስከ 2024 ድረስ በፍርድ ቤቶች ተንከባሎ ሳይሳካላት ቀረ። ጥፋት የለባትም ማለቴ አይደለም። ግን ለፈጸመችው ነገር የወንጀል ክስ ቀርቦባት አልተፈረደባትም፤ የቀጣት የሚኒስትር ፊርማ ነው።

እኛ አስተማሪ ልንሆን ነው። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች አሉ እንበል፤ የአንዱ አባት የአገሬው፣ የሌላው አባት ስደተኛ። ሁለቱም አድገው አንድ ዓይነት ወንጀል ቢሠሩ አንዱ ይታሰራል፣ ሌላው ይታሰርና አገር አልባ ይሆናል ወይም ወደማያውቀው አገር ይጣላል። «ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» የሚለውን ትምህርት ለእነዚህ ልጆች በየትኛው አፋችን እናስተምራለን?

እኛ አገር ጥምር ዜግነት ስለማይፈቀድ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል አይጠፋም። ይመለከተናል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከአገር ወጡ፤ ለ1985ቱ ሪፈረንደም የተመዘገቡት የኤርትራን ዜግነት ይዘዋል ተባለ። ሄግ የተቀመጠው የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ እነዚህ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜጎች ነበሩ አለ። በደኅንነት ማጣራት አልፈው የተባረሩትን በተመለከተ ጦርነት ነውና የኢትዮጵያን እርምጃ አልኮነነም፤ ያለዚያ ማጣራት ዜግነታቸውን የተነጠቁትን ግን በዘፈቀደ የተፈጸመ ሕገወጥ ድርጊት ነው ብሎ ፈረደ። በጦርነት ጊዜ እንኳ መጣራት ከተጠየቀ፣ በሰላም ጊዜ ለምን ይቀራል? የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሰኔ 2022 ዜግነት መግፈፍ ቅጣት ስለሆነ ሚኒስትር ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም ብሏል።

«ከጦር ሜዳ ማስረጃ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። አዎን፣ አስቸጋሪ ነው። ግን ጀርመን ሞክራዋለች። አንዲት ጀርመናዊት ከዚሁ ቡድን ጋር ኢራቅ ውስጥ ስትኖር፣ ባሏ በባርነት የያዛትን የ5 ዓመት የየዚዲ ልጅ ፀሐይ ላይ አስሮ በውሃ ጥም ስትሞት ዝም ብላ አይታለች ተብላ ተከሰሰች። የሙኒክ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2021 10 ዓመት ፈረደባት፤ አቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2023 ቅጣቱ ወደ 14 ዓመት ከፍ አለ። ችሎት ቀርባ የመሰከረችው የሟቿ እናት ነበረች።