ስለ ተገላባጭ ላፕቶፕ፤ ለሥራም ለጨዋታም

ለመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚመደብ ሰው ጓዙን በሚያሰናዳበት ጊዜ ከልብሱ ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ጽሕፈት መሣሪያው ነው። ይህም መሣሪያ ቀድሞ ቀለምና ብርዕ፣ ኋላም ኢንጂነር አያና ብሩ ለፊደላችን እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጁት የጽሕፈት መኪና ነበረ፤ ዛሬ ግን ላፕቶፕ ሆኗል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ከላፕቶፖች መካከል ክዳኑ ወደ ኋላ ዞሮ እንደ ታብሌት ስለሚሆነው፣ ዋጋውም ደመወዝተኛን ስለማያስጨንቀው ዓይነት ነው።

ለምሳሌ ጾሬን እንውሰድ። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በእርሷ አካባቢ በሚገኘው በጾሬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ተከፍቷል። በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደዚያ አገር ገብቷል። እንዲህ ባለው ስፍራ የተመደበ ሹም ጧት መጋዘን ውስጥ ቆሞ ዕቃ ይቈጥራል፤ ቀትር ላይ ተቀምጦ ሪፖርት ይጽፋል፤ ማታ ደግሞ ልጆቹ «እስቲ ለእኛም ስጠን» ይሉታል። ቆሞ በአንድ ክንዱ ታቅፎ በጣቱ የሚነካው፣ ተቀምጦ የሚጽፍበት፣ ማታም እንደ ድንኳን አቁሞ ለልጆች የሚተወው አንድ መሣሪያ ቢያገኝ ሦስት ዕቃ ከመግዛት ይድናል። የተገላባጩ ላፕቶፕ ጥቅም ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሻጮቹ የሚጨምሩለት ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሌኖቮ የተባለው ኩባንያ ዮጋ የሚባለውን ዙሪያውን የሚታጠፍ ላፕቶፕ ያወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ ግን፣ በ2008 ዓ.ም.፣ 5,000 ያህል ኤክስ ኦ የሚባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር። መስተዋታቸው በአንገቱ ዞሮ በፊደል ቁልፎቹ ላይ ይተኛና እንደ መጽሐፍ ይያዝ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይም ይነበብ ነበር። ዋጋቸው 100 ዶላር እንዲሆን ታስቦ እስከ 200 ዶላር ግድም ደረሰ። ጨዋታም ተጭኖባቸው ነበርና ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ወደ ጨዋታው ቢያዘነብሉ አንዳንድ መምህራን በክፍል ውስጥ እንዳይከፈቱ ከለከሉ። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የጨዋታው አልነበረም፤ መሣሪያው ተሰጠ እንጂ ሰዓቱ አልተደለደለም። አባቶቻችንም ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም እየተሽቀዳደሙ የሚያንቀሳቅሱበትን ጊዜ «ወረራ» ይሉት ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ ያዩ ሰዎች ልጅ በመስተዋት ላይ ሰንጠረዥ ቢጫወት ሊደነግጡ አይገባም።

አሁን ስለ መግዛቱ እንናገር። በርካሽ ተገላባጭ ላፕቶፕ ላይ ገዢውን የሚያታልለው ማጠፊያው ነው። ሻጩ ክዳኑን እያዞረ ሲያሳይ ገዢው ይደነቅና ስለ ውስጡ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ይቈጥራል። ነገር ግን በብዙዎቹ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ከእናት ሰሌዳው ጋር የተበየደ ነው፤ ኋላ ላሻሽለው ቢሉ አይሆንም። ማከማቻውም እንዲሁ ተበይዶ 64 ጊጋባይት ሲሆን ዊንዶውስ ብቻውን ብዙ ቦታ ይይዝበታል። ዊንዶውስ 11 «4 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል» ቢልም፣ ደብዳቤና ሠንጠረዥ አብሮ ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ከ8 ያነሰ ባይገዛ እንመክራለን። ገንዘቡ ለማጠፊያውና ለራሙ በአንድነት የማይበቃ ከሆነ ማጠፊያው ይቅር።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥበቃ ከጥቅምት 14 ቀን 2025 (በፈረንጅ) ጀምሮ ስለ ተቋረጠ፣ ላፕቶፑ 11ን የሚቀበል መሆኑን ነው፤ በኢንቴል በኩል በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት አይቀበሉም። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ዊንዶውስ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና ዛሬ የሚይዘውን መጠን ጎን ለጎን ጽፎ የሚያሳይ ሪፖርት ስላለው፣ ሻጩ ይህን አውጥቶ ያሳይ። መብራት በሚቈራረጥበት አገር ግማሽ የሞተ ባትሪ መግዛት ላፕቶፕ ሳይሆን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር መግዛት ነው።

ስለ ጨዋታው ብዙ አንናገርም። በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሰንጠረዥ፣ ካርታና የቀደሙ ዓመታት ቀላል ጨዋታዎች ያለ ችግር ይሄዳሉ፤ አዲስና ከባድ ጨዋታ ግን ዕቃውን ከማጋል በቀር ትርፍ የለውም።

ጽሕፈትን በተመለከተ፣ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲሆን በጾሬ ግን ዐረብኛ የሚያነብ ብዙ ነውና ሁለቱም የፊደል ገበታዎች አስቀድመው ይጫኑ። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ስለሚታይ፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚላከው ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ።

ከሁሉ ይልቅ የምንጠነቀቅለት ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ማታ ልጅ የሚጫወትበት ዕቃ ጧት የሰው ስም ይጻፍበታል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ስሙና የመጣበት መንደር ባልታሰበ እጅ ቢገባ ጉዳቱ በራሱ ብቻ አይቀርም፤ በአገር ቤት ለቀሩት ዘመዶቹም ይተርፋል። ስለዚህ የስደተኞች መዝገብ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይኑር እንጂ ለቤት በተገዛ ላፕቶፕ ከቶ አይቀመጥ። ለቀሪው ሥራ ደግሞ ለአባት አንድ፣ ለልጆች ሌላ መለያ ተከፍቶ የአባትየው በይለፍ ቃል ይዘጋ፤ የልጆቹም አዲስ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን አይኑረው። ይህን ለማሰናዳት ሩብ ሰዓት ይበቃል። እናቲቱም የምትሠራበት ከሆነ ለእርሷም የራሷ ይከፈትላት፤ የባልን መለያ መዋስ ለሁለቱም አይመችም።

አያያዙን በሚመለከት፣ ላፕቶፑ ታብሌት በሚሆንበት ጊዜ የፊደል ቁልፎቹ ወደ ታች ስለሚሆኑ አቧራማ መደብ ላይ አይጋደም፤ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፍለት። ክዳኑም በአንድ ጥግ ተይዞ አይከፈት፤ መካከሉን ይዞ በቀስታ መክፈት ይገባል፤ በአንድ ወገን ሲጎተት ማጠፊያው የታሰረበት ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ብሎኑም ይላላል። ከላላም ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ይሰጥ፤ እንዲሁ ሲታጠፍ ከቆየ ወደ መስተዋቱ የሚሄደው ሽቦ ይቆረጣልና።