ጓንት አድርጎ አማርኛ መጻፍ

ሳይት ላይ ያለ ፎርማን ስልኩ ላይ እንዴት ይመዝግብ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን የገባው ፌሮና የሠራተኛው የቀን ሒሳብ በስልክ ከተያዘ ነገሩ የገንዘብ ነው።

የስልካችን ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ነው። ተራ ጓንት ይህን ያግዳል፤ ውኃም ያሳስተዋል። ጓንቱ ይውለቅ እንዳይባል እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። በዚያ ላይ የእኛ ፊደል ብዙ ነው፤ ለአንዷ ሆሄ ብዙ ጊዜ ሁለቴ መንካት ያስፈልጋል።

ታዲያ በድምፅስ? ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጨምሮታል። የቴሌግራም ቮይስንማ ማን የማያውቅ አለ? ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ሚክሰር እየጮኸ «ባለ 12» የተባለው «ባለ 14» ቢሆንስ? የ14ቱ ውፍረት በስፋት ሲለካ ከ12ቱ በ36 በመቶ ይበልጣል። ከሦስት ወር በኋላ ክርክር ቢነሳስ ያን ሁሉ ቮይስ ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል?

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ሳይሳሳት ደርሷል? ነገ ሲፈለግ ይገኛል? በዚህ ከሄድን ቁጥር በትልልቅ ቁልፎች ይመረጥ፣ ማብራሪያ በድምፅ ይሁን፣ ማስረጃ በፎቶ ይያዝ።

አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ ብቻ አትሞክሩት። ጓንት አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ፣ ሚክሰር አጠገብ ሞክሩት። አንድ የሥራ ቀን ሳይመዘገብ ቢቀር የሚጎድለው የቀን ሠራተኛው ኪስ ነው።