መሪው ሲናገር እንስማው

የዛሬው የሙያ ጥጋችን ስለ መኪና መሪ ነው። "መኪና የሌለን ሰዎች ምን አገባን?" የሚል አይጠፋም። ባይኖረንም እንሳፈርበታለን። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የመማርና የመሥራት መብታችንን ስለሚያውቅ፣ ጋራዥ ገብተው ሙያ መልመድ የሚፈልጉ ልጆች አሉን። ስለዚህ ነገሩ ለእነሱም ለእኛም ነው።

በቅርቡ ለጉዳይ ከተማ ገብተን ሆዳን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ወደ አሊ አዴ በሚመለስ አሮጌ ላንድክሩዘር ተሳፈርን። ጡት የሚጠባ ልጅ የያዘች እናት አለች፣ ሁለት አዛውንት አሉ፣ ጆንያውና ጀሪካኑም ሞልቷል። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከፊት በኩል "ቋ፣ ቋ" ይል ጀመር። ሾፌሩ መንገድ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ቆመ። እዚያ ረዳት ሆኖ የሚሠራው ልጅ ድሮ ካምፕ ውስጥ ያስተማርነው ሆኖ ተገኘ።

ልጁ ሞተሩን አስጠፋና ሾፌሩን "መሪውን ግራ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ይወዝውዙት" ብሎ ከሥር ተመለከተ። ብድግ ሲል ፊቱ ተለውጧል። "ታይሮዱ አልቋል። ዳዶውን የምትይዘው ኮፒሊያም የለችም፣ በሽቦ ነው የታሰረው" አለ። ሾፌሩ "ትናንትም ሄጄበታለሁ" አለ። ባለጋራዡ "ሽቦውን አጥብቅና ሸኛቸው" አለ። እኛስ? አንዋሽም፣ "ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ እንጂ!" ካሉት መካከል ነበርን። ልጁ ወደ እኛ ዞሮ "ጋሼ፣ ያልገባህን ገባኝ አትበል ያሉን እርስዎ ነዎት። ይሄ ግን ገብቶኛል። በሽቦ አላስርም" አለ።

አፍረን ወረድን። ዕቃው ተገዝቶ እስኪመጣ ከሰዓት ሆነ፤ ሒሳቡንም ተሳፋሪው አዋጥቶ ረዳ። አሮጌው ታይሮድ ሲፈታ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ በእጅ ስትጎተት ብቻ ከቤቷ ወጣች። እሷ መንገድ ላይ ብትወጣ ኖሮ አንዱ ጎማ በፈለገው በኩል ይዞር ነበር፤ ሾፌሩ መሪውን ቢያዞርም አይሰማውም። ያቺ እናት ኳሷን አይታ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ ልጁንና ሌሎች ባለሙያዎችን ጠይቀን የሰበሰብነው ይህ ነው።

መሪ ሲከብድ፦ መጀመሪያ የፊት ጎማዎችን ንፋስ አስለኩ። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መሪ ያከብዳል፤ ይህን ጎሚስታ ያቃናዋል። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ የፓወር ስቲሪንግ ዘይት ማየት ነው። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነውና ሞልቶ ዝም ማለት አይበቃም። ብዙ ቶዮታዎች የሚወስዱት ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ግን በጭራሽ አይጨመርበትም፣ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል። መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ የሚጮህ ከሆነ ቺንጊያው ላልቶ ወይም አርጅቶ ሊሆን ይችላል። መሪን ጥግ አድርሶ ይዞ መቆየትም ፓምፑን ያግለዋል።

መሪ ወደ አንድ ወገን ሲስብ፦ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ንፋስ እኩል መሆኑን እዩ። ግራንድ ባራን በመሰለ ሜዳ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ንፋሱ እኩል ሆኖ ከሳበ አላይመንት ይፈልጋል፤ ጎማውም በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። ከጉዞ በኋላ የአንዱ ጎማ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከጋለ ደግሞ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል ማለት ነው። ስትነኩት ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።

መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ተጣሟል።

መሪ ሲላላ፦ ዋናው አደጋ እዚህ ላይ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ባዶውን ይዞራል? ለብዙ ትንንሽ መኪናዎች በመሪው ክብ ላይ ሲለካ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከደረሰ መጨረሻው ነው። አንድ ሰው መሪውን ይወዝውዝ፣ ሌላው መገጣጠሚያዎቹን ይይ። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲነቃነቅ ካወላወለ ታይሮዱን ጠርጥሩ። ከላይና ከታች ተይዞ ካወላወለ ኩሽኔታውን ወይም ቦል ጆይንቱን። ልጆች ሆይ፣ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡበት፣ የኋላ ጎማውንም በድንጋይ ያዙት።

የእኛ አገር አየር ደግሞ መገጣጠሚያን አይምርም። ሙቀቱ የጎማ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል፣ አቧራው በስንጥቁ ይገባል፣ ቅባቱ አሸዋ ይሆናል። የተሰነጠቀ ሽፋን ያየ ሰው ዛሬውኑ ይናገር።

አዲስ ታይሮድ ሲገጠም አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ይቆጠርና አዲሱም ያንኑ ያህል ይግባ፤ ይህ መኪናውን አላይመንት ቤት ያደርሰዋል እንጂ አላይመንትን አይተካም። የመሪ ዕቃ አይበየድም፣ ሙቀቱ ብረቱን ያደክመዋል። በኮፒሊያ ፋንታ ሽቦም ሚስማርም አይገባም።

ሾፌሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍታችሁ በፍሪ አትውረዱ። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጉልበቱን ያጣል። ቁልፉ ከተነቀለማ መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል። የሚተርፈው ነዳጅ የስንት ሰው ሕይወት ያህላል?

ልጁ የዚያን ቀን አበሉ እንደተቆረጠበት በኋላ ሰማን። ከእኛ ውስጥ አንድ ሰው ባለጋራዡን "ልጁ ትክክል ነው" ብሎት ቢሆን ምናልባት አይቆረጥበትም ነበር። እኛ አስተማሪው እንኳ አላልንም። የሚቀጥለው ጊዜ መኪና ላይ ሆናችሁ አንድ ረዳት "ይህ መኪና አይሄድም" ሲል ብትሰሙ፣ እባካችሁ ከእሱ ጋር ቁሙ። ከተማ ስንገባም ካሳውን ይዘንለት እንሄዳለን።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ይግጠመን።