ዘበኛው ዝንጀሮ የትኛው ነው?

በሐዲያና በከምባታ ገጠር፣ በተለይም ወደ ግቤና ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ፣ በቆሎ ሲያፈራ ማማ ተሠርቶ ልጅ ይቀመጥበታል። ዝንጀሮም ዘበኛ ሳያቆም ከእርሻ አይገባም እየተባለ ይወራል። ዘበኛ የተባለው የትኛው ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ይህን መጠየቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ምድረ በዳ ሚርካት የሚባል፣ ከኛው ሙጭልጭላ የሚወገን ትንሽ አውሬ አለ። አንዱ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲጠብቅ ሌሎቹ መሬት እየጫሩ ይበላሉ። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ፣ «ለወገኑ ራሱን የሚሠዋ ፍጡር!» እያለ ያደንቃል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ሊቅ ቲም ክለተን ብሮክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አውሬዎቹን አንድ ባንድ ለይተው፣ በሚዛን እየመዘኑ ሲከታተሉ ኖረው፣ በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ለጥበቃ የሚወጣው ጠግቦ የበላው እንደ ሆነ፣ አደጋውንም አስቀድሞ አይቶ የሚሸሸው እርሱው ራሱ እንደ ሆነ አስረዱ። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ የተሳሳተው የተመልካቹ ግምት ነው።

በአገራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 በኤረር ገደሎች ሥር ተቀምጦ የነጭ ዝንጀሮን ኑሮ የመረመረው ሐንስ ኩመር የተባለ የስዊስ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥቶ ማለት ነው!

የማማው ልጅ መንጋውን ከንጋት እስከ ምሽት ያያል። ሽማግሌው ይቀድም እንደ ሆነ፣ ጎረምሳው ወዴት እንደሚሄድ ከእርሱ የተሻለ የሚነግረን ማን ነው? ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ይህ ዕውቀቱ የእረኛ ወሬ ሆኖ ይቀርበታል፤ ለፈተና አይመጣምና። በአዝመራ ወራት ስለ ማማው ሲል ከትምህርት የሚቀረውም ይኸው ልጅ ነው። ለእኛ ይህ ድርብ ጉዳት ሆኖ ይታየናል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ያላችሁ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች፣ ስልካችሁ ፎቶግራፍ ያነሣል። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደ ነበረ ያልመዘገበ ሰው ግን ይዞት የሚመለሰው የዝንጀሮ መልክ ብቻ ነው። ሙዝ እየወረወሩ ማቅረብማ ፈጽሞ አይገባም፤ ፎቶ አንሺው ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ሰው የለመደው ዝንጀሮ ለማማው ልጅ ይቀራል። ይልቅስ ከልጁ ጋር ማማው ላይ ወጥታችሁ ጠይቁት፤ በምትጽፉትም ላይ የነገራችሁ እርሱ መሆኑን አብራችሁ ጻፉ።