የመናፈሻው መንገድ ገና አልጠናም



በበረዶ አገር፣ ብርዱ ሲገባ፣ አንዳንድ መናፈሻ ውስጥ በሸርተቴ የሚሄዱ ሰዎች በረዶው ሳይጠቀጠቅ አይረግጡትም፤ መንገዱ ይበላሻላ። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቶሪኖ ላይ አገራችንን ወክሎ የተወዳደረው በዚሁ ስፖርት ነው። የኛ በረዶ እንግዲህ ጭቃ ነው። ጥቅምት ገብቶ ላዩ ቢደርቅም ጥቁሩ አፈር ከሥሩ ገና ውኃ ይዟል። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ የሚለማመዱ ልጆቻችን ጭቃውን ሲሸሹ ሣሩን ጨረሱት። ባለፈው እሑድ አንዲት እናት አዳልጧቸው እጃቸው ተሰብሯል።

ውኃው የተኛው ቦዩ ስለተደፈነ ነው፤ የደፈነውም እኛው የጣልነው ፌስታል ነው፣ በማንም አናላክክ። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ጆንያ ይያዝ። እስከዚያ አረጋውያን በአስፋልቱ በኩል ይሂዱልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ