ስእለትና የሕሙማን ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ገዳማችን ለመሳለም የምትመጡ ሁሉ፣ ደጋግማችሁ ከምታቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመልስ ወደድን። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «ለስእለት ያሰብሁትን ገንዘብ ለካንሰር ሕሙማን መታከሚያ ብሰጠው ስእለቴ ይደርስልኛልን?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በሰው ቤት ሠርተው ከሚያገኙት ደመወዝ ለወላጅ የሚልኩ፣ ለታናናሾቻቸው የትምህርት ቤት የሚከፍሉ እኅቶች ናቸው። ከዚያ ተርፋ የምትቀመጠው ጥቂት ገንዘብ በብዙ ድካም የተገኘች ናትና መልሱን በጥንቃቄ ልንሰጥ ይገባናል።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ። በአንድ ታቦት ስም ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ ወይም ገንዘብ የተሳለ ሰው የተሳለውን ለተሳለበት ያግባ። ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይማከር ወደ ሌላ አያዛውር። ዐሥራትም እንደ ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ገና ያልተሳሉትን ግን ለሕሙማን ብሎ መሳል ይቻላል፤ የተወደደም ስእለት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታመመውን የጠየቀ እርሱን እንደ ጠየቀ አድርጎ ቈጥሮለታልና። በቅዳሴው የምናስበው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ ሲያሠራ ባለጸጎችን እየመከረ ከእጃቸው ምጽዋት ይቀበል ነበር። እንግዲህ የሕሙማን ቤት በምጽዋት መቆሙ የዛሬ ዘመን ፈሊጥ አይደለም።

ይህ ነገር ካለንበት ከሊባኖስ አገር ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በቀዲሻ ሸለቆ ራስ ላይ ካለችው ከብሻሪ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ወላጆች በ1912 እ.ኤ.አ. አንድ ልጅ ተወለደ። በኋላ በመድረክ ስሙ ዳኒ ቶማስ ተብሎ በቀልድና በዘፈን ታወቀ። ከመታወቁ በፊት ግን ድኻ ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ተቃርባ ሳለች በእጁ የቀረችውን 7 ዶላር በዲትሮይት ከተማ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ለምጽዋት እንደ ሰጠ ይነገራል። ከዚያም ሐዋርያው ይሁዳ መንገዱን ቢያሳየው መታሰቢያ ሊሠራለት ተሳለ። ይህ ይሁዳ ምዕራባውያን ታዴዎስ የሚሉት ነው እንጂ ጌታውን የሸጠው አይደለም።

ስእለቱም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ሆስፒታል ሆነ። በ1957 የሊባኖስና የሶርያ ተወላጆችን ሰብስቦ ገንዘብ አሰባሳቢ ማኅበር አቋቋመ። የስደተኞቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ለተቀበለችው አገር ምስጋናቸውን በዚህ ገለጡ። በ1962 በሜምፊስ ከተማ በሐዋርያው ስም የተሰየመው የሕፃናት ሆስፒታል ተከፈተ። እስከ ዛሬም ለልጃቸው ሕክምና ወላጆችን ዋጋ አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ሕፃናትን አብዝቶ በሚይዘው የደም ካንሰር ከታመሙ 100 ልጆች የሚተርፉት 4 ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ በዚያ ሆስፒታል 94 ያህሉ ይድናሉ።

በዚህ ቍጥር ላይ ጥቂት እንቆይ። በ4ና በ94 መካከል ያለው ልዩነት የመጣው በጥናት ነው። ሐኪሞች የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር፣ በምን መጠን፣ ለስንት ወራት ቢሰጥ እንደሚሻል ከእያንዳንዱ ሕፃን ሕክምና እየመዘገቡ ተማሩ፤ የተማሩትንም ለሌሎች አካፈሉ። የመጻሕፍት መምህራን ከመምህሮቻቸው የተቀበሉትን አንድምታ ጠብቀው ለደቀ መዛሙርት እንዳደረሱልን ያለ ሥራ ነው። ስለዚህ ለጥናት የሚሰጥ ገንዘብ ባዶ ወረቀት የሚገዛ አይምሰላችሁ። ለዛሬው ታማሚ የሚሰጥ ምጽዋት ዛሬ የሚታየውን ሰው ይረዳል፤ ለጥናት የሚሰጠው ደግሞ ገና ያልታመመውን፣ እንዲያውም ገና ያልተወለደውን ይረዳል። ሰጪው የረዳውን አያየውም፤ ተረጂውም የሰጠውን አያውቀውም። በስውር መስጠት ከዚህ ይበልጥ አይገኝም።

ያ ስእለት ዞሮ ወደ ሊባኖስም ተመለሰ። በ2002 በዚሁ በቤይሩት፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጋር በመተባበርና በሜምፊሱ ሆስፒታል አጋዥነት፣ የሊባኖስ የሕፃናት ካንሰር ማዕከል ተከፈተ። እርሱም ሕፃናትን የሚያክመው ከቤተሰባቸው ሳያስከፍል፣ በበጎ አድራጊዎች ስጦታ ነው። ከ2019 ወዲህ ግን የአገሩ ገንዘብ ዋጋውን ከ90 በመቶ በላይ ሲያጣ፣ ባንኮችም የሰውን ተቀማጭ ሲይዙ፣ በሊራ ይሰጥ የነበረው ስጦታ ሟሟ። መድኃኒቱ ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። በ2021 የካንሰር ሕሙማን ራሳቸው መድኃኒት አጣን ብለው በቤይሩት አደባባይ እስከ መውጣት ደረሱ።

በዚህ በጀማይዜ ያለን ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በዕለተ አማኑኤል ወደቡ በፈነዳ ጊዜ የሆነውን አንረሳም። ከሰፈራችን በእግር የሚደረሰው፣ በ1878 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኦርቶዶክሳውያን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በቅጽበት ክፉኛ ተጎዳ፤ አራት ነርሶቹ በሥራቸው ላይ ሳሉ ሞቱ። የተረፉት ሐኪሞች ሕሙማኑን በደረጃ ተሸክመው አውጥተው በመኪና ማቆሚያው ግቢ አከሙ። ሆስፒታሉ ዳግመኛ የቆመው ከቅርብም ከሩቅም በመጣ ስጦታ ነው። በመንገድ ስታልፉ የምታዩት ግድግዳ የብዙ ሰው ምጽዋት አለበት።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ኀዘናቸውን ወደ በጎ ሥራ መልሰው በ2004 እ.ኤ.አ. በልጃቸው ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ከጎንደርም ሆነ ከባሌ የመጣ ድኻ ተራው እስኪደርስ ማደሪያና የሚበላው ያጣ ነበር። ሶሳይቲው ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ለእንዲህ ያሉት መጠለያ መስጠት ነው። አልጋና እንጀራ ባይኖር የጨረሩ መሣሪያ ብቻውን ሰው አያድንም።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ በመካከል መድኃኒቱ ቢቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ጥቂት ይሻላል። የጽዋ ማኅበር ያላችሁ ከወርኃዊው መዋጮ ላይ ለሕሙማን የሚሆን ድርሻ ለይታችሁ ብትወስኑ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሌለው ደም አለው። ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው ፕሌትሌት የተባለው የደም ክፍል ከተወሰደ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሁልጊዜ አዲስ ሰጪ ይፈለጋል። ጤነኛ የሆነ ሐኪም ፈቅዶለት ይስጥ። ሦስተኛ፣ ለታመመች እኅት ስታዋጡ ገንዘቡን ለሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል በቀጥታ ክፈሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የተሰበሰበውንና የወጣውን በመዝገብ ጽፋችሁ ለማኅበሩ አንብቡ። የሚተርፍ ቢኖር ለማን እንዲሆን አስቀድማችሁ ወስኑ። በስልክ የታማሚ ምስል እያሳዩ የሚለምኑትን ሁሉ ሐሰተኞች አንልም፤ ነገር ግን ሕክምናው የት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትስጡ። መጠየቅ ርኅራኄን አያጐድልም፤ የለገሰውን እጅ ሳያስመርር ያቈያል እንጂ።

ለታመማችሁት ደግሞ አንድ ቃል አለን። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒቱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ጸበል ጀምሬአለሁ ብሎ ሐኪም ያዘዘውን ማቋረጥ ከእኛ የተሰጠ ትምህርት አይደለም። ሰዎች ከጉሮሮአቸው ቀንሰው የገዙላችሁን መድኃኒት በእምነት ተቀበሉ፤ በጸበሉም ተጠመቁ።

እንግዲህ ለጠያቂዎቻችን መልሳችን ይህ ነው። ለታመመ ወንድም ሕክምና፣ የነገው ሕፃን እንዲድን ለሚደረግ ጥናትም የተሰጠ ሁሉ ከእግዚአብሔር ዘንድ ይደርሳል። ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለሰጪዎች በረከትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።